ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው የኖሩት ወርቅ ሠሪ

ወርቅ ሠሪው እጀ ጽኑ በ1945 ዓ.ም. ከወርቅ ሠሪ አባታቸውና ከቤት እመቤት እናታቸው ተወለዱ። የተወለዱት ዛሬ ጠዋት አስከሬናቸው በወጣበት በዚያው ቤት፣ ከምድጃው ክፍል ቀጥሎ ባለው የውስጥ ክፍል ነው። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም በዚህ ወረቀት ሽፋን ላይ ከፎቶግራፋቸው ሥር ታትሟል። በዚያ ስም የሚጠራቸው ሰው ከወላጆቻቸው ጋር ስላለቀ፣ እኛም መንገደኛው ሁሉ በሚያውቃቸው ስም፣ በእጀ ጽኑ እንቀጥላለን።

ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈችውና ቆማ የምታነበው ሁለተኛ ሴት ልጃቸው ናት። በደንቡ ማንበብ የነበረባት ታላቅ እህቷ ነበረች፤ ታላቅ እህቷ ግን ወረቀት ይዛ መቆም አትችልም። ምክንያቱን ቦታው ላይ ስንደርስ እንናገራለን። እጀ ጽኑ በሆስፒታል አልጋ ላይ ሳሉ የሕይወት ታሪካቸው አጠር እንዲል፣ የሞቱበትም ምክንያት "ባደረባቸው አጭር ሕመም" ተብሎ እንዲታለፍ አደራ ብለው ነበር። ሕመሙ አጭር ስላልነበረ ታሪኩንም ማሳጠር አልተቻለም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። ጽሕፈታቸው ማተሚያ ቤት የወጣ ይመስል ነበር። ትምህርቱን ያቋረጡት የአባታቸው እጅ ገና ሳያረጁ መንቀጥቀጥ ስለጀመረና ምድጃው ሰው ስለፈለገ ነው። የአባታቸውን እጅ ያየ ሁሉ "የሥራ ብዛት ነው" ይል ነበር፤ እጀ ጽኑም እንደዚያው ይሉ ነበር። በወንድ እጅ ላይ ሲታይ የሥራ ብዛት የሚባለው ነገር በሴት እጅ ላይ ሲታይ የደም ብልሽት እንደሚባል የተማሩት ከዚያው ቤት ነው፤ ከተማሩትም ሁሉ ሳይረሱት የቀሩት ይህን ነው።

ሙያቸው ወርቅ መቀባት ነበር። ለማያውቀው ሰው አሠራሩን ማስረዳት ያስፈልጋል። ወርቁ በባዜቃ፣ ማለትም በሜርኩሪ ውስጥ ይሟሟና እንደ ቅቤ ይለሰልሳል። ያ ልስልስ ነገር በብር ጌጥ ላይ በብሩሽ ይቀባል። ከዚያ ጌጡ ከከሰል ፍም በላይ ይያዛል፤ ባዜቃው ተንኖ ይሄዳል፣ ወርቁ ብሩ ላይ ይቀራል። ወርቁ የት እንደቀረ ሁሉም ሰው ያያል፤ የገዛው ሰው ጣቱ ላይ አድርጎት ይሄዳል። ባዜቃው የት እንደሄደ ግን በዚያ ቤት የጠየቀ አልነበረም።

በዚህ ሥራ ላይ የእሳቸውን ያህል እጁ የማይነቃነቅ ሰው አልነበረም። የፀጉር ስፋት ያህል መስመር ሳይንገዋለሉ ይስቡ ነበር፤ እጀ ጽኑ የተባሉትም በዚህ ነው። ስሙን በጣም ከመውደዳቸው የተነሣ በበራቸው ላይ በወርቅ ቀለም አስጽፈውታል።

የሥራው ክፍል ወደ መንገድ የሚከፈት አንድ ሰፊ መስኮት አለው። ነፋሱ በዚያ ይገባል። ከመስኮቱ ትይዩ ወደ ውስጥ ክፍል የሚያስገባ በር አለ፤ በሩ መዝጊያ የለውም፣ መጋረጃ ብቻ ነው። እጀ ጽኑ ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው፣ ምድጃውን ከፊታቸው አድርገው ይቀመጡ ነበር። "ነፋሱ ወገቤን ያቀዘቅዝልኛል" ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው፤ ነፋሱ ወገባቸውን አቀዝቅዞ፣ በምድጃው ላይ አልፎ፣ መጋረጃውን ገልጦ ወደ ውስጥ ይገባል። ውስጥ ምግብ ይበስላል፣ ልጆች ይተኛሉ። የከሰል ጭስ ሲመጣ ሰው ያስላል፣ መጋረጃ ያስተካክላል። የባዜቃ እንፋሎት ግን ሽታም ቀለምም ስለሌለው ማንም ተነሥቶ መጋረጃ አላስተካከለም።

በ1970 ዓ.ም. የአንድ ልብስ ሰፊ ሴት ልጅ አገቡ። ሙሽራዪቱ ክር በመርፌ ቀዳዳ ባንዴ የሚያስገቡ፣ የአባታቸውን የስፌት መኪና እያዘፈኑ ያደጉ ልጃገረድ ነበሩ። በ1972 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ልጅ ተወለደች፤ ታናናሾቿ እታለም ስለሚሏት እዚህም እታለም እንላታለን። በ1975 ዓ.ም. አባቱ "ወራሼ" እያሉ የሚጠሩት ወንድ ልጅ፣ በ1979 ዓ.ም. ደግሞ ይህን የምታነበው ሁለተኛ ሴት ልጅ ተወለዱ።

ሦስተኛዋ ልጅ ሳትወለድ የባለቤታቸው እጅ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። ለደንበኛ ሻይ ሲያቀርቡ ስኒው ከማስቀመጫው ጋር እየተጋጨ ይንቃጨላል። እጀ ጽኑ ድምፁ ከመጋረጃው ኋላ ሲመጣ ገና "ሚስት ሳይሆን ቃጭል ነው ያገባሁት" ይሉና ደንበኛውን ያስቁ ነበር። ስሙ ጸድቆ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እናታችንን ቃጭል ይላቸው ጀመር። ያን ጊዜ ከሳቁት መካከል ዛሬ ለቀብር የመጡ አሉ፤ እግዜር ይስጥልን፣ ወንበር ላላገኛችሁም ይቅርታ።

በ1980 ዓ.ም. እጀ ጽኑ አማታቸውን ልብስ ሰፊውን አስጠርተው በበሩ ላይ አቁመው አነጋገሯቸው።

"ጤነኛ መስላኝ ነው የወሰድኳት" አሉ። "ደሟ የተበላሸ ነው። ሳይብስባት ይውሰዷት።"

"ልጄ እኔ ቤት ሳለች እጇ ተንቀጥቅጦ አያውቅም" አሉ ልብስ ሰፊው።

"እንግዲያው ደብቃችሁኝ ነበራ።"

ልብስ ሰፊው ልጃቸውንና ሕፃኗን ይዘው ሄዱ። ሕፃኗ አብራ የተሰናበተችው የእናቷን መልክ ይዛለች ተብሎ ነው። እታለም ቤት የምታገላብጥ ሴት ስለሚያስፈልግ፣ ወራሼም ስሙ እንደሚለው ወራሽ ስለሆነ ቀሩ። እታለም ያን ቀን መጋረጃውን ጨብጣ ቆማ እንደነበርና እናቷ ዞር ብለው እንዳያዩአት ስትመኝ እንደነበር ተናግራለች። እናት ግን ዞር ብለው አዩአት።

እናት በአባታቸው ቤት ትንሽ እንደቆዩ እጃቸው እየተሻለው ሄደ። ጨርሶ አልተዋቸውም፤ ነገር ግን ወደ ስፌት መኪናቸው ለመመለስ በቁ። ወሬው ለእጀ ጽኑ ሲደርስ "አላልኳችሁም? ድሮም ስታስመስል ነበር" አሉ። ደሟ የተበላሸ ሴት እንዴት ስታስመስል ትኖራለች ብሎ የጠየቃቸው የለም። እሳቸው ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አላስፈለጋቸውም፤ እንደ ሰሚው ሁኔታ ሁለቱንም ያወሩ ነበር።

እታለም ትምህርቷን ጨርሳ ቤት ውስጥ ስትቀመጥ የእሷም እጅ ጀመረ፤ ከእናቷም ባሰ። ጥርሷ ይደማል፣ እንቅልፍ አይወስዳትም፣ ሰው ድንገት ሲያናግራት ታለቅሳለች። በ1995 ዓ.ም. ግን አንድ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ እንደዚያው ሆና ወደዳትና ሽማግሌ ላከ። እጀ ጽኑ ሽማግሌዎቹን አስቀመጡ፣ አስተናገዱ፣ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "እኔ ሰው አላታልልም፤ በእናቷ ወገን ደም አለባት፣ የምትወልደውም እንደዚያው ነው" አሉ። ሽማግሌዎቹ ስለ ሐቀኝነታቸው አመስግነዋቸው ሄዱ። እታለም ከመጋረጃው በስተጀርባ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። መድኃኒት ቤቱ ዛሬም በሥራ ላይ ነው፤ ሠራተኛውም ከባለቤቱና ከልጆቹ ጋር በመካከላችን ይገኛል። እሱን ማንም አይወቅሰውም፤ የተነገረውን አመነ እንጂ ሌላ አላደረገም።

በ2001 ዓ.ም. ከአንድ የምርምር ተቋም የተላኩ ሰዎች ወደ ወርቅ ሠሪዎች መንገድ መጡ። መሪያቸው አንዲት ወጣት ተመራማሪ ነበረች። በዚህ መንገድ ላይ ብዙ ሰው ለምን ይንቀጠቀጣል፣ በአንድ ቤት ውስጥስ አንዱ ሲታመም ሌላው ለምን ይድናል የሚለውን ሊያጠኑ ነው የመጡት። ደም ወሰዱ፣ ፀጉር ወሰዱ፣ ሽንት በዕቃ ተቀበሉ፤ ከመደርደሪያና ከመጋረጃ አቧራ ጠረጉ፤ የክፍሉን አየር የሚለካ ሣጥን አስቀምጠው ሄዱ። ከዚህ ቤት የወጡ ዘመዶች ካሉም እንፈልጋለን ብለው እናትንና ሁለተኛዋን ልጅ ባሉበት ድረስ ሄደው ደም ቀዱ። እናት ክንዳቸውን ሲዘረጉ "ስለዚህ ደም ያልተወራ ነገር የለም፤ እስቲ ደግሞ እናንተ አውሩ" አሉ።

እጀ ጽኑ ራሳቸው ደም አልሰጡም። "የእኔ ንጹሕ ነው፤ የታመሙትን ውጓቸው" ብለው እጅጌያቸውን እንኳ አልሰበሰቡም። ይሁንና የቤቱ አባወራ እንደመሆናቸው ለቤተሰቡ ሁሉ የፈረሙት እሳቸው ናቸው። ተመራማሪዎቹም ውጤቱን ለፈረመው ሰው መናገር በቂ መስሏቸው ነበር። ይህ የእነሱ ስሕተት ነው፤ ተመራማሪዋም ስሕተት መሆኑን በኋላ በራሷ አፍ ተናግራለች። ስሕተቱ ግን ሰው ፈጅቷል።

በ2003 ዓ.ም. እጀ ጽኑ ውጤት ሊሰሙ ብቻቸውን ተጠሩ። የተነገራቸው ይህ ነው። ሦስቱም ልጆች አንድ ዓይነት ዘረመል አላቸው፤ ይህ ዘረመል ሰውነት ባዜቃን ቶሎ እንዳያስወጣ ያዘገያል። በራሱ ሕመም አይደለም፤ ባዜቃ የማይደርስበት ሰው መቶ ዓመት ቢኖር እንዳለው እንኳ አያውቅም። እናታቸው ይህ ዘረመል የላቸውም። ስለዚህ ለልጆቹ የሰጡት አባታቸው ናቸው። አንዲት ጠብታ ሳይሰጡ ደማቸው በልጆቻቸው ደም ውስጥ ተነበበ። እሳቸው ራሳቸው ያልታመሙትም ደማቸው ንጹሕ ስለሆነ ሳይሆን ነፋሱ ከጀርባቸው ስለሚመጣ ነው። ተመራማሪዋ ምድጃውን ዛሬ ነገ ሳይሉ ወደ ግቢ እንዲያወጡት፣ ጭስ ማውጫ እንዲሠሩለትና ወንድ ልጃቸውን ከእሳቱ እንዲያርቁት ነገረቻቸው። "እሺ፣ በዚህ ሳምንት አወጣዋለሁ" ብለው አመስግነዋት ወጡ።

ማታ ገበታ ላይ ልጆቹ ዓይን ዓይናቸውን ሲያዩ እጀ ጽኑ እጃቸውን ታጥበው ተቀመጡና "ተረጋገጠ። የእናታችሁ ነው" አሉ። ከዚያ ጨው አቀብዪኝ አሉ፤ እታለም አቀበለቻቸው።

እስከዚያ ቀን ድረስ ወራሼ ሥራ ፈታ ሲል ተደብቆ እናቱ ዘንድ ይሄድ ነበር። ከዚያ በኋላ ቀረ። እናት አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝተው "ምነው ጠፋህብኝ ልጄ?" ሲሉት "ምን አወረስሽኝ ብዬ ልመጣ?" ብሏቸዋል። ልጅ እናቱን የተናገረው የመጨረሻ ቃል ይህ ሆነ።

በ2004 ዓ.ም. እጀ ጽኑ የቆመ የእጅ ሰዓታቸውን ሊያሠሩ ገበያው መግቢያ ወዳለው ትንሽ ሱቅ ሄዱ። ጠጋኟ ሁለተኛዋ ልጃቸው ነበረች፤ ከሕፃንነቷ በኋላ አይተዋት ስለማያውቁ አላወቋትም። እሷ ግን አውቃቸዋለች። ሰዓቱን ከፈተች፤ ዓይን የማያያቸውን ብሎኖች አንድ በአንድ አንሥታ ደረደረች።

"እንዲህ ያለ እጅ ከማን አገኘሽ?" አሏት በአድናቆት።

"ከአባቴ ነው ይላሉ።"

"አባትሽ ማን ናቸው?"

ነገረቻቸው። እጀ ጽኑ ወደ መሥሪያ ጠረጴዛዋ ጠጋ አሉ። ከዚያ "ደህና ነሽ? ምንም አይልሽም?" አሏት። ምንም አይለኝም አለች። እጆቿን አተኩረው አዩ። ሁለተኛዋ ልጅ ያን ጊዜ አባቷ የተጸጸቱ መስሏት ልቧ ራርቶ ነበር፤ ሒሳብም አልተቀበለችም። ምን ሲያዩ እንደነበር የገባት ከዓመታት በኋላ ነው። ያው ዘረመል ያለባት፣ ያው ደም የወረሰች፣ ከዚያ ቤት በሕፃንነቷ በመውጣቷ ብቻ የዳነች ልጃቸውን ነበር የሚያዩት። ሰዓታቸውን አሥረው ወደ ቤት ሄዱ፤ ከሰሉን አቀጣጠሉ፤ ወራሼንም ወናፉ ላይ እንዲቀመጥ አዘዙት። ወናፉ ያለው በምድጃውና በመጋረጃው መካከል ነው።

ወራሼ በ2008 ዓ.ም. በሠላሳ ሦስት ዓመቱ ኩላሊቱ ሥራ አቁሞ ሞተ። በመጨረሻዎቹ ወራት ማንኪያ ወደ አፉ ማድረስ ስላቃተው እታለም ታጎርሰው ነበር፤ የእሷም እጅ ያው ስለሆነ ግማሹ ደረቱ ላይ ይፈስሳል። በቀብሩ ላይ እጀ ጽኑ እጅግ አልቅሰዋል። ልቅሷቸው የውሸት አልነበረም፤ ይህ መጻፍ አለበት። እናት ግን "የገደለችው ልትቀብረው ነው" ይባላል ተብሎ መልእክት ስለተላከባቸው ከመቃብሩ አጥር ውጭ ቆመው ነው ልጃቸውን የቀበሩት።

በተከታዩ ዓመት ተመራማሪዋ ለክትትል ተመልሳ መጣች። እጀ ጽኑ ዕቃ ሊገዙ ወጥተው ነበር። በሩን የከፈተችላት እታለም ናት። ተመራማሪዋ ገብታ ምድጃውን እዚያው ስታየው ቆም አለች።

"አባትሽ ወደ ግቢ አወጣዋለሁ ብለውኝ ነበር እኮ" አለች።

"ለምን ይወጣል?" አለች እታለም።

ተመራማሪዋ ተቀመጪ አለቻትና ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻት። "እናትሽ የባዜቃውን እንፋሎት ብቻ ነው የተቀበሉት፤ ከቤት ሲወጡ ተሻላቸው። ታናሽሽ ከዘር የሚወረሰውን ዘረመል ብቻ ነው የያዘችው፤ እንፋሎቱ ስላልደረሰባት ምንም አልሆነችም። አንቺና ወንድምሽ ግን ሁለቱንም አገኛችሁ። አንዱ ብቻውን እንዲህ አያደርግም።" እታለም ወንድሟ ስንት ጊዜ ሊተርፍ ይችል እንደነበር በልቧ አሰላች። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ "የእናቴ አይደለም ማለት ነው?" ተመራማሪዋ "ከእናትሽ ምንም አልወረስሽም" አለቻት። እታለም ያን ጊዜ አለቀሰች፤ ስለ ሕመሟ አይደለም፣ እናቷን ስለጠላችበት ጊዜ ነው።

እጀ ጽኑ ሲመለሱ እታለም ሥራ ክፍሉ ውስጥ ቆማ ጠበቀቻቸው።

"አባባ፣ ነግረውዎት ነበር?"

የያዙትን አስቀምጠው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፤ እንደ ልማዳቸው ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው።

"ምን ልበል ነው የፈለግሽው?" አሉ። "እናታችሁን በከንቱ አባረርኳት ልበል? በሰው ፊት? ምድጃውን ካወጣሁ እኮ ሁሉም ሰው ለምን አወጣኸው ይለኛል።"

ሌላ ምክንያት አልሰጡም። በነበራቸው ጊዜ ሁሉ የነበራቸው ምክንያት ይህ ነው። ሰው ለምን አወጣኸው እንዳይላቸው ወንድ ልጃቸውን ቀበሩ። እታለም ልብሷን ይዛ ወጣች፤ እናቷ ቤት ሄዳ በሩ ላይ ተደፍታ ይቅርታ ጠየቀች። እናት "ተነሺ፣ እጅሽን አሳዪኝ" ብለው አስገቧት። ከዚያ ወዲህ እጇ ትንሽ ረግቧል። ወረቀት ለመያዝ ግን አይበቃም፤ ወደፊትም አይበቃም ተብሏል።

እጀ ጽኑ ብቻቸውን ቀሩ። ዓይናቸው እየደከመ ስለመጣ ብርሃን ፈለጉ፤ ብርሃኑ ያለው መስኮቱ ጋ ነው። ስለዚህ ወንበራቸውን አዞሩ። ከምድጃው ወዲያ ማዶ፣ ወራሼ ይቀመጥበት በነበረው ቦታ፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አድርገው መሥራት ጀመሩ። ነፋሱ በምድጃው ላይ አልፎ ፊታቸው ላይ ይመጣል። ምን ይዞ እንደሚመጣ ከዚያ መንገድ ሰው ሁሉ በተሻለ የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ። ጎረቤት ሲያልፍ በመስኮቱ ያያቸዋል፤ ምድጃው ቦታው ላይ ነው፣ እሳቸውም አልተሳሳቱም።

በ2011 ዓ.ም. እጃቸው ጀመረ። መጀመሪያ ብርድ ነው አሉ፣ ከዚያ የሥራ ብዛት ነው አሉ። መስመሩ ጠመመ፤ ደንበኛ ቀረ። በራቸው ላይ የተጻፈውን ስም የሚያይ መንገደኛ ቀና ብሎ እሳቸውን ያይና ሳቁ እንዳያመልጠው ጉንጩን ይነክሳል። የሚስት ደም ለባል እንደማይወረስ የገባው ሰው በመንገዱ ላይ ጥቂት አልነበረም፤ ነገር ግን በፊታቸው የተናገረ የለም። እሳቸውም የጠየቁት የለም።

ሆስፒታል ከገቡ በኋላ እናት ሊጠይቋቸው ሄዱ። ለምን እንደሚሄዱ ልጆቻቸው ሲጠይቋቸው "በዓይኔ ለማየት ነው" አሉ። ገብተው አዩ፤ ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡና የሾርባውን ማንኪያ አነሡ። ማንኪያው በእናት እጅ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣ የእጀ ጽኑ አገጭም ይንቀጠቀጣል፤ ሾርባው በመካከል አንሶላው ላይ ያልቃል።

"አሁንም አልተወሽም?" አሏቸው እጀ ጽኑ።

"የእርስዎ ይብሳል" አሉ እናት።

ይቅርታ የሚለው ቃል በዚያ ክፍል ውስጥ አልተነገረም። እናት በማግስቱም ሄዱ፣ በሌላውም ቀን ሄዱ። ለምን እንደሚመላለሱ ግን ለማንም አልተናገሩም። እጀ ጽኑ እታለምን አስጠርተው የጠየቋት ያን በመግቢያው ላይ የተነገረውን አደራ ብቻ ነበር። እታለም እሺም እምቢም አላለችም። እጇን እንድትሰጣቸው ፈልገው የእሳቸውን ዘረጉ፤ ሁለቱ እጆች ተፈላልገው ለመያያዝ ጊዜ ወሰደባቸው።

ወርቅ ሠሪው እጀ ጽኑ በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ ትናንት የካቲት 14 ቀን 2016 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ትናንት ከሰዓት በኋላ የወርቅ ሠሪዎቹ ማኅበር ሊቀመንበር መጥተው ለቀብር ቀን የማይሆን ነገር እንዳይነሣ መክረውናል። ሊቀመንበሩም የራሳቸው ምድጃ ከመኝታ ቤታቸው ቀጥሎ ነው፤ የልጅ ልጃቸውም ብርጭቆ በሁለት እጇ እንደምትይዝ ሰፈሩ ያውቃል። ከዚህ የተሻለ ቀን ሊመርጡልን ስላልቻሉ በዛሬው ጸንተናል።

የሟች ወንድም ልጅ ደግሞ ሱቁን እሱ ስለሚረከብ የምድጃው ክፍል ቁልፍ ከቀብር በፊት እንዲሰጠው ጠይቆ ነበር። በውስጥ ክፍል የምትተኛ ትንሽ ልጅ አለችው። እሱም የዚያው ደም ነው። ዛሬ ጠዋት ሬሳው ከመውጣቱ በፊት እታለም መዶሻ ይዛ ገባችና ምድጃውን አፈረሰችው። አብዛኛውን ጊዜ ስታ ወለሉንና ግድግዳውን ነው የመታችው፤ መዶሻውን የሚቀበላት ሰው ግን አልፈለገችም። የውጭ ሰዎች ድምፁን ሰምተው የሬሳ ሣጥን የሚመታ መስሏቸው ነበር። ምድጃው ካለቀ በኋላ ቁልፉን ለአጎቷ ልጅ በእጁ ሰጠችው። ምድጃ መልሶ ይሠራል፤ ግቢው ሰፊ ነው። ተመራማሪዋም እዚያ በሩ አጠገብ ቆማለች። ደም የሚሰጥ ካለ ትቀበላለች፤ ከእንግዲህ ውጤቱን ለአባወራ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ሰው ለራሱ ትናገራለች።

እጀ ጽኑ ከባለቤታቸው ሦስት ልጆችን አፍርተው አንዱን ቀብረዋል። ዛሬ በሕይወት ያሉት ልጆቻቸው እታለምና ይህን ያነበበችው ሰዓት ጠጋኝ ናቸው። ባለቤታቸውም በሕይወት አሉ፤ ከፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሰዎች ቃጭል የሚሏቸው እሳቸው ናቸው። በደማቸው ውስጥ ምንም አልተገኘም።

ፈጣሪ የእጀ ጽኑን ነፍስ ይቀበል። በሕይወት ሳሉ እንደሚወዱት ነፋሱ ከጀርባቸው ይምጣላቸው፤ ከፊታቸው ግን ማንም አይቀመጥ።